ከብርሃኑ በታች ያለው ብረት፦ ስለ ጥንታዊ አውቶሞቢል የኋላ ፓራውልት እድሳትና ስለ ነጋዴው ቃል

ማንኛውም የንግድ ዕቃ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ገዢው በመደብሩ ደጃፍ ቆሞ የሚያየው ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ዕቃው ከተገዛ በኋላ ዝናብና ፀሐይ፣ ጊዜና አገልግሎት የሚገልጡት ነው። ሁለቱ መልኮች በተስማሙ መጠን ንግድ ይከብራል፤ በተለያዩ መጠን ግን አስቀድሞ ገዢው ገንዘቡን፣ ቀጥሎም ሻጩ ስሙን ያጣል። ከመኪና መለዋወጫዎች መካከል ይህን እውነት ጐላ አድርጎ የሚያሳየው በክሮም የተለበጠው የጥንታዊ አውቶሞቢል ፓራውልት፣ ይልቁንም የኋላው ነው። በሱቅ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሲታይ ጥሩውና መጥፎው አንድ ዓይነት ያብረቀርቃሉ፤ ሁለት ክረምት ካለፈባቸው በኋላ ግን አንዱ እንዳበራ ይቀራል፣ ሌላው በዝገት ይላጣል። ስለዚህ በዚህ ዕቃ የሚነግዱ አስመጪዎችና ባለሱቆች የሚሸጡት ብርሃኑን ነው ወይስ ከብርሃኑ በታች ያለውን ብረት የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያሻው ነው።

ጉዳዩ በኢትዮጵያ ከጊዜ ወደ ጊዜ ክብደት እያገኘ የመጣባቸው ምክንያቶች ግልጥ ናቸው። ሕዝቡ ባጭሩ ቮልስ እያለ የሚጠራው ትንሹ የቮልስዋገን አውቶሞቢል በጠቅላላው 21,529,464 ተሠርቶ፣ የመጨረሻው በሜክሲኮ አገር ከፑዌብላ ፋብሪካ የወጣው ጁላይ 30 ቀን 2003 እ.ኤ.አ. ነበር። ከዚያ ወዲህ አዲስ አይሠራም፤ ያለው ነባሩ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ይህ መኪና ከአዲስ አበባ መንገዶች ዛሬም አልጠፋም። ከአገር ታሪክ ጋርም የተያያዘ ስም አለው፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን በወረዱበት ዕለት ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ተሳፍረው እንደ ነበር በሰፊው የታወቀ ነው። በሌላ በኩል በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖችን ከውጭ የማስገባቱን ወጪ ከፍ አደረገ፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ በስተቀር ሌሎች አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መወሰኑን ገለጠ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግም በዶላር የሚገዛ መለዋወጫ ሁሉ በብር ሲታሰብ ዋጋው ናረ። ከዚህ የተነሣ በእጅ ያለውን መኪና አክብሮ መያዝና አድሶ ማቆየት የጥቂት አፍቃሪዎች መዝናኛ መሆኑ ቀርቶ ቁም ነገር ያለው የገበያ ዘርፍ ሆኗል።

ፓራውልት ሁለት ሆኖ ሳለ ስለ ኋላው ለይቶ መናገር ያስፈለገበት ምክንያት አለ። የቮልስ ሞተር የሚገኘው ከኋላ እንደ መሆኑ መጠን የኋላው ፓራውልት የሚጠብቀው ባዶ የዕቃ ማስቀመጫ ሳይሆን ራሱን የመኪናውን ልብ ነው። ከዚህም በላይ የጢስ ማውጫ ቱቦዎቹ ከበታቹ ስለሚወጡ ጥላሸትና ከጢሱ ጋር የሚወጣው እርጥበት በታችኛው ጠርዙና በውስጠኛው ገጹ ላይ ዘወትር ያርፋሉ። በክረምት ደግሞ ጎማው የሚረጨው ጭቃ ከጀርባው ተጋግሮ ይቀራል። መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ ከግንብና ከድንጋይ ጋር የሚላተመውም እሱ ነው። ስለዚህ ከፊተኛው ይልቅ ቶሎ የሚጎዳው፣ ቶሎም ለውጥና እድሳት የሚፈልገው የኋላው ነው፤ ነጋዴውም ዘንድ ደንበኛ ደጋግሞ የሚመጣው በእሱ ምክንያት ነው።

አሁን ክሮም ስለሚባለው ነገር አንድ የተሳሳተ አስተሳሰብ መታረም ይገባዋል። ብዙ ሰው ፓራውልትን ከዝገት የሚጠብቀው የሚያብረቀርቀው ክሮም ይመስለዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በደንቡ መሠረት የተሠራ ፓራውልት ከብረቱ ላይ በመጀመሪያ መዳብ፣ ቀጥሎ ኒኬል፣ በመጨረሻም ክሮም ይለበጣል። የክሮሙ ውፍረት ከአንድ ማይክሮን ግማሽ እምብዛም አይበልጥም፤ ማይክሮን ማለት የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ይህን ያህል ስስ የሆነ ነገር በዓይን የማይታዩ ስንጥቆችና ቀዳዳዎች ስላሉበት ውሃን ከብረት ሊያግድ አይችልም። የክሮሙ ሥራ ሰማያዊ ፍካት መስጠት፣ መቧጨርን መቋቋምና ከሥሩ ያለው ኒኬል እንዳይደበዝዝ መጠበቅ ነው። ብረቱን ከዝገት የሚያድነው ኒኬሉ ነው፤ እሱም ለዝናብና ለጭቃ ለሚጋለጥ ዕቃ 30 ማይክሮን ያህል ውፍረት ሊኖረው ይገባል። በሁለት ንብርብር፣ ማለትም በታች ፈዛዛው ከላይ ደማቁ ኒኬል ሆኖ ሲለበጥ ደግሞ ዝገቱ ወደ ውስጥ ከመዝለቅ ይልቅ ወደ ጎን ስለሚሄድ ዕድሜው እጅግ ይረዝማል።

እንግዲህ በዚህ ኒኬል ላይ የሚቆጥብ ሰው ምን ያህል እንደሚያተርፍ በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ለአስረጅ ያህል የሚለበጠው ገጽ ግማሽ ካሬ ሜትር ቢሆን፣ 30 ማይክሮን ውፍረት ያለው ኒኬል መጠኑ 15 ኩቢክ ሳንቲሜትር ይሆናል። አንዱ ኩቢክ ሳንቲሜትር 8.9 ግራም ስለሚመዝን ጠቅላላው 134 ግራም ያህል ነው። የኒኬል ዋጋ በቶን 20,000 ዶላር ቢሆን የዚህ ሁሉ ብረት ዋጋ 3 ዶላር አይሞላም። ማርች 8 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. በለንደን የብረታ ብረት ገበያ የኒኬል ዋጋ በድንገት ከ100,000 ዶላር በላይ ወጥቶ ገበያው እስኪዘጋ ድረስ ታላቅ ሁከት ሆኖ ነበር፤ በዚያ ባልተሰማ ዋጋ እንኳ ቢታሰብ የአንድ ፓራውልት ኒኬል 13 ዶላር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ስስ ልባጥ የሚሠራው ኒኬል ውድ ስለ ሆነ ነው የሚለው ማመካኛ ሚዛን አያነሣም።

በእውነቱ የሚቆጠበው ጊዜና ጉልበት ነው። በተለመደው የኤሌክትሪክ ኃይል ኒኬል በልባጥ ገንዳ ውስጥ በደቂቃ 0.8 ማይክሮን ያህል ይጨምራል፤ 30 ማይክሮን ለማግኘት ወደ 40 ደቂቃ የሚጠጋ ጊዜ ያስፈልጋል ማለት ነው። ዕቃው በ10 ደቂቃ ቢወጣ የሚኖረው 8 ማይክሮን ብቻ ነው፤ ክሮም ከተጨመረበት በኋላም ለዓይን ከባለ 30 ማይክሮኑ አይለይም። ግማሽ ሰዓት ለመቆጠብ ሲባል ቀኑን ሙሉ የተደከመበት የማቃናትና የመወልወል ሥራ ሁሉ በሁለት ዓመት ውስጥ ከንቱ ይሆናል። ይህ ቁጠባ አይባልም፤ ኪሣራውን ወደ ደንበኛው ማስተላለፍ ነው እንጂ።

ለዚህ ነገር ታሪክ ራሱ ምስክር ነው። በኮሪያ ጦርነት ዘመን፣ ከ1950 እስከ 1953 እ.ኤ.አ.፣ የአሜሪካ መንግሥት ኒኬልን ለጦር መሣሪያ ሥራ ስላስቀደመ የአውቶሞቢል ፋብሪካዎች ለጌጥ የሚያውሉት ኒኬል ተገደበባቸው። ከዚህ የተነሣ በእነዚያ ዓመታት የተሠሩ ብዙ መኪኖች ክሮማቸው ከሥሩ በቂ ኒኬል ስላልነበረው ፈጥኖ ዛገ። በዓለም ታላላቅ የነበሩት ፋብሪካዎች በግድ ያደረጉት ነገር ይህን ካስከተለ፣ ዛሬ ማንም ሳያስገድደው በፈቃዱ የሚያደርግ ሰው ምን ውጤት እንደሚያገኝ መገመት አያስቸግርም።

የእድሳት ሥራም የራሱ ሥርዓት አለው፤ ሥርዓቱን የሚያውቅ ባለሱቅም ለደንበኛው በቂ ምክር ለመስጠት ይችላል። በመጀመሪያ የዛጉትን ቡሎኖችና ዳዶዎች በዘይት አርሶ በትዕግሥት መፍታት ይገባል፤ በኃይል የተፈታ ቡሎን መያዣ ክንዱን ይዞ ይሰበራል። ቀጥሎ ፓራውልቱ ይቃናል፤ መቃናት ያለበት አሮጌው ልባጥ ከወለቀ በኋላም ጭምር ነው፣ ምክንያቱም ልባጡ የሸፈነው ስንጥቅና ጉድጓድ የሚታየው ያን ጊዜ ነው። አሮጌውን ክሮም በመሞረጃ ድንጋይ እየፈጩ አቧራውን መበተን አደገኛም አባካኝም ስለ ሆነ፣ በልባጥ ቤቱ ገንዳ ውስጥ ተገቢውን ጥንቃቄ ይዞ ማውለቅ የተሻለ ነው። ከዚያ ብረቱ ከሻካራ ወደ ለስላሳ እየተሸጋገረ ይወለወላል። መዳብ ይለበጣል፤ መዳቡ ራሱ እንደገና ይወለወላል፤ ጥቃቅን ጉድጓዶችም በዚህ ይሞላሉ። በመጨረሻ ኒኬልና ክሮም ይከተላሉ። በየመካከሉ በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ የግድ ነው።

እዚህ ላይ በጋራዦች አካባቢ በብዛት የሚታይ አንድ ስሕተት አለ። የቀለም ሠራተኛ የብረትን ጉድጓድ በስቱኮ ሞልቶ፣ አስተካክሎ ይቀባል፤ ለቀለም ይህ ይበቃል። ለክሮም ግን ፈጽሞ አይሆንም፤ ስቱኮ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ኒኬል አይዘውም። ስለዚህ የተበሳ ፓራውልት በብየዳ፣ ጥቂት የተበላው ደግሞ በመዳብ መሞላት አለበት። ደንበኛው «በስቱኮ ሙሉልኝና ክሮም አድርጉልኝ» ብሎ ሲጠይቅ አይሆንም ብሎ ምክንያቱን የሚነግረው ባለሙያ፣ እሺ ብሎ ገንዘቡን ከሚቀበለው ይልቅ ወዳጁ ነው። ከቆርቆሮ እየተረጨ ክሮም ተብሎ የሚሸጠውም ቀለም ቀለም ነው እንጂ ልባጥ አይደለም። ጥቁር ወይም የመኪናውን ቀለም መቀባት የሚወድ ሰው ቢኖርም ምርጫው የሚነቀፍ አይደለም፤ ነገር ግን ክሮም ልሙጥ ስለ ሆነ በብርጭቆ ወረቀት ሳይሻክርና ተስማሚ መነሻ ቀለም ሳይደረግለት የተቀባ ሁሉ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሣል። የውስጡንም ገጽ መርሳት አይገባም፤ ዝገት የሚጀምረው ማንም ከማያየው ከጀርባው ነውና ዚንክ ያለበት ቀለም ሊቀባ ይገባዋል።

ከእድሳት አልፎ ቅርጽ መለወጥ ሲመጣ ነገሩ ይበልጥ ይጠነክራል። በቮልስ ላይ በጣም የተለመደው ለውጥ የኋለኛውን ዘመን ፓራውልት አውጥቶ የቀደመውን መግጠም፣ ወይም የዚህ ተቃራኒ ነው። ለ1968 እ.ኤ.አ. በተዘጋጁት በአብዛኞቹ የቮልስ ዓይነቶች ላይ ቀጭኑና ክብ ቅርጹ ፓራውልት ቀርቶ ወፍራሙና ማዕዘናዊው፣ ከፍ ብሎ የሚታሰረው ተተካ። በዚያው ጊዜ መያዣ ክንዶቹና ፓራፋንጎዎቹም አብረው ተለወጡ። እንግዲህ በሶማሌ ተራ ፓራውልቱን ብቻ ገዝቶ ወደ ጋራዥ የሚሄድ ሰው እንደማይገጥምለት የሚያውቀው ዋጋውን ከከፈለ በኋላ ነው። ከዚያም ክንዱ ይቆረጣል፣ ፓራፋንጎው ይበሳል፤ ሁለት ዕቃ ለማዳን የታሰበው አራት ዕቃ ያበላሻል። ባለሱቁ «የመኪናው ዘመን ስንት ነው? ክንዱስ የትኛው ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ከዚያም ለመለካት ጥቂት ደቂቃ ቢሰጥ ይህ ሁሉ አይደርስም።

በአሜሪካ ከታየው ልምድ የሚገኝ ሌላም ትምህርት አለ። በዚያ አገር ከ1973 ሞዴል ጀምሮ አውቶሞቢሎች ከፊት በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር፣ ከኋላ 4 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲላተሙ መብራታቸውና ሌላው የደኅንነት ዕቃቸው እንዳይጎዳ በሕግ ታዘዘ፤ በተከታዩ ዓመት የኋላውም ወደ 8 ኪሎ ሜትር ከፍ አለ። ግዴታው በ1982 እ.ኤ.አ. ቀለል እስኪል ድረስ ፋብሪካዎች ግዙፍና ከገላው ራቅ ብሎ የሚቆም ፓራውልት ያደርጉ ነበር። ከእነዚያ ዓመታት መኪኖች ባለቤቶች ብዙዎቹ ለውበት ሲሉ ወፍራሙን አውጥተው በአውሮፓ ይሸጥ የነበረውን ቀጭን ይገጥማሉ። መልኩ በእርግጥ ያምራል፤ ነገር ግን ግጭትን የሚያለዝበው አካል አብሮ ይወጣል። ይህን ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ የሚቀረውን ውበት ብቻ ሳይሆን የሚሄደውንም ጥበቃ ለገዢው ሊነግረው ይገባል። ምርጫው የባለቤቱ ነው፤ ሳያውቅ እንዳይመርጥ ማድረግ ግን የሻጩ ድርሻ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ደንብ አጭር ነው። ተመልሶ ሊፈታ የሚችል ለውጥ የመኪናውን ዋጋ አይነካም፤ የተቆረጠና የተበየደ ግን ይነካል። ስለዚህ ነባሩን ፓራውልት ሳይቆርጡ አውጥቶ፣ በዘይት አብሶ፣ በደረቅ ቦታ ማስቀመጥና ለውጡን በሌላ ዕቃ ማድረግ ብልኅነት ነው። ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ቢኖር ዝገት የነካው ነባር ፓራውልት በብረቱ ውፍረትና በቅርጹ ትክክለኛነት ከአዲሱ አምሳያ የሚበልጥበት ጊዜ መኖሩን ነው። በቆሻሻ ብረት ዋጋ ተሽጦ ከመቅለጡ በፊት የሚያውቅ ሰው ቢያየው ይበጃል።

አምሳያዎችን በጅምላ መንቀፍ ግን ፍርድ ማጓደል ነው። በቬትናምና በሌሎችም አገሮች ከማይዝግ ብረት የሚሠሩ የጥንታዊ መኪኖች ፓራውልቶች አሉ፤ ልባጥ ስለሌላቸው የሚላጥ ነገር የላቸውም። ቀለማቸው ከክሮም ሰማያዊ ፍካት ጥቂት ይለያል፤ ከፊተኛው ነባር ክሮም ጋር ሲተያዩም ልዩነቱ ይታወቃል። ይህ ጉድለት አይደለም፤ ለገዢው አስቀድሞ ሊነገር የሚገባ እውነት ነው። ከስስ ቆርቆሮ ተሠርቶ በስስ ኒኬል የተለበጠውም ቢሆን ገንዘብ ላነሰው ሰው ለጥቂት ዓመታት ይጠቅመዋል። ነውሩ ርካሹን ዕቃ በርካሽ መሸጥ አይደለም፤ ርካሹን በውዱ ስም መሸጥ ነው።

አንዳንድ ነጋዴዎች በበኩላቸው እንዲህ ይላሉ፤ «ገበያው የሚጠይቀው ብርሃንና ዝቅተኛ ዋጋ ነው፤ ስለ ማይክሮን የሚጠይቅ ደንበኛ መጥቶ አያውቅም፤ እውነቱን የተናገረ ጎረቤቱ ዝም ባለበት ገበያ ብቻውን ይከስራል።» ይህ ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም፤ የሱቅ ኪራይና ግብር የሚከፍል ሰው የሚናገረው ነው። ሆኖም ሁለት ነገሮች ይረሳል። አንደኛ፣ ደንበኛው ስለ ማይክሮን የማይጠይቀው ስለማይፈልግ ሳይሆን የሚጠይቅበትን ቃል ስላላገኘ ነው፤ ቃሉን የሚያስተምረው ከሻጩ በቀር ማን ነው? ሁለተኛ፣ የጥንታዊ መኪና ባለቤቶች ቁጥር የተወሰነ ነው፤ እርስ በርሳቸውም ይተዋወቃሉ። እንደዚህ ባለ ጠባብ ገበያ አንድ የተላጠ ፓራውልት ሻጩን ብዙ ደንበኞች ያሳጣዋል፤ ሳይላጥ ዓመታት የቆየ አንድ ፓራውልት ደግሞ ከማስታወቂያ ሁሉ የበለጠ ይናገርለታል። እውነትና ንጋት እያደረ ይጠራል እንደሚባለው፣ በዚህ ንግድ የሚያድረው ሁለት ክረምት ብቻ ነው።

ቡናና ቅባት እህል የሚልኩ ነጋዴዎች ይህን ነገር ከማንም ይልቅ ያውቁታል። ቡና ከጆንያው ውጭ ሲታይ ሁሉም ቡና ነው፤ ነገር ግን በናሙና ይቀመሳል፣ በደረጃ ይመደባል፣ ደረጃውም በወረቀት ይጻፋል። ገዢው ባሕር ማዶ ሆኖ ጆንያውን ሳይከፍት የሚከፍለው ለዚያ ጽሑፍ ነው። ከውጭ ገዢ ጋር ይህን ያህል ጥንቃቄ የሚያደርግ የንግድ ማኅበረ ሰብ፣ በገዛ ገበያው ውስጥ ለገዛ ወገኑ «ክሮም ነው» በሚል አንድ ቃል ብቻ መሸጥ አይገባውም።

ስለዚህ ለባለሱቆች የሚቀርበው ሐሳብ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። በደረሰኝ ላይ ከሦስቱ ቃላት አንዱ ይጻፍ። «ነባር» ማለት ከፋብሪካው እንደ ወጣ ያለ፣ «የታደሰ» ማለት ነባር ሆኖ እንደገና የተለበጠ፣ «አምሳያ» ማለት በኋላ ዘመን በሌላ ፋብሪካ የተሠራ ይሁን። ለየታደሰው የለባጩ ስምና የኒኬሉ ውፍረት፣ ለአምሳያው የተሠራበት አገርና የብረቱ ዓይነት ይጨመርበት። ለስንት ጊዜ እንደማይላጥ ዋስትና የሚሰጥ ነጋዴ ካለም ዋስትናውን በቃል ሳይሆን በዚያው ወረቀት ላይ ያድርገው። በማግኔት መፈተን የሚወዱ ገዢዎችም አሉ፤ ይሁን እንጂ ኒኬልም ብረትም በማግኔት ስለሚሳቡ ይህ ፈተና ስለ ልባጡ ውፍረት የሚነግረው የለም። ከማግኔት የተጻፈ ቃል ይሻላል።

አስመጪዎችም የሚያደርጉት አለ። ኒኬልና ክሮም ስለሚለበጡ ዕቃዎች አይኤስኦ 1456 የሚባል ዓለም አቀፍ ደረጃ ወጥቷል፤ ዕቃው እንደሚውልበት አገልግሎት ክብደት የልባጡን ውፍረት ይወስናል። ዕቃ የሚያዝ ሰው በትእዛዝ ደብዳቤውና በፕሮፎርማው ላይ ይህን ቁጥርና የሚፈልገውን ውፍረት ቢጽፍ፣ ላኪው ፋብሪካ ስስ ዕቃ ቢልክ የሚከራከርበት ሰነድ ይኖረዋል። «ጥሩ ክሮም ያለው» ብሎ ያዘዘ ግን የሚከራከርበት የለውም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ነውና፣ የውጭ ምንዛሪ ከመውጣቱ በፊት የሚገዛውን ነገር ማወቅ ይገባል።

ከዚህም በላይ አስመጪው አንድ ትልቅ ምርጫ ከፊቱ ተደቅኗል። የተለበጠ ፓራውልት እያስመጣ ብርሃን ብቻ ከመሸጥ፣ ለአገር ውስጥ እድሳት የሚያስፈልገውን ኒኬል፣ የመወልወያ ጎማና ቅባት፣ የውፍረት መለኪያ መሣሪያ ማስመጣት ይችላል። አንድ ፓራውልት በመርከብ ሲጓዝ የሚይዘው ቦታ ሰፊ ነው፤ ለብዙ ፓራውልት የሚበቃ ኒኬል ግን በአንድ ትንሽ ሣጥን ይገባል። ምንዛሪውም ያንሳል፤ የሥራው ዋጋ አብዛኛው ክፍልም በአገር ውስጥ በባለሙያው እጅ ይቀራል።

ይህ ምክር ግን አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ ካልተጨመረበት ጎደሎ ይሆናል። ለረጅም ዘመን ክሮም ለመለበጥ ሲያገለግል የኖረው ክሮሚክ አሲድ በሳንባ ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነው፤ ከገንዳው የሚነሣው ጉም የሠራተኛውን የአፍንጫ ውስጥ ግድግዳ እስከ መብሳት ይደርሳል። በዚህ ምክንያት የአውሮፓ ኅብረት ከሴፕቴምበር 21 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ልዩ ፈቃድ በዚህ ኬሚካል መጠቀምን ከልክሏል፤ የካሊፎርኒያ ግዛትም በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ ለጌጥ የሚሠራ የዚህ ዓይነት ልባጥ ከ2027 ጀምሮ እንዲቀር ወስኗል፣ ጥብቅ መከላከያ ላደረጉት እስከ 2030 ድረስ ጊዜ በመስጠት። በምትኩ ሦስት ቫሌንሲ ያለው ክሮም ይሠራበታል፤ ቀለሙ ጥቂት ጠቆር ቢልም አደጋው እጅግ ያነሰ ነው። ለአገር ውስጥ ልባጥ ቤቶች ኬሚካል የሚያስመጣ ነጋዴ በሌላው ዓለም እየተተወ ያለውን መርዝ በርካሽ አግኝቶ ከማምጣት ይልቅ አዲሱን ቢያመጣ፣ የሰው ሕይወት ያድናል፤ ነገ ሕግ ሲጠብቅም ከኪሣራ ይድናል። በአሮጌው ዘዴ የሚሠራ ልባጥ ቤት ቢኖር ደግሞ ጉሙን የሚስብ ማራገቢያ፣ ለሠራተኛው ጓንትና ጭንብል ያድርግ፤ የገንዳውንም እጣቢ በኬሚካል አክሞ ዝቃጩን ሳይለይ ከተማውን አቋርጠው ወደሚያልፉት ወንዞች አይልቀቅ። በሌላ ሰው ሳንባ የተገዛ ብርሃን ለመኪና ጌጥ ሊሆን አይገባም።

በመጨረሻ ነገሩ ሁሉ ወደ አንድ ቁም ነገር ይጠቃለላል። የጥንታዊ አውቶሞቢል የኋላ ፓራውልት ትንሽ ዕቃ ነው፤ በእሱ የሚነግዱትም ብዙ አይደሉም። ነገር ግን ገዢው በዓይኑ ሊፈትነው የማይችለውን ዕቃ የሚገዛው በሻጩ ቃል ብቻ ስለ ሆነ፣ የነጋዴ ቃል ምን ያህል እንደሚመዝን የሚለካው እንደዚህ ባለው ዕቃ ነው። 134 ግራም ኒኬልና ግማሽ ሰዓት ያህል ጊዜ ሐቀኛውን ሥራ ከሐሰተኛው ይለያሉ። ይህን ያህል ጥቂት ነገር ለማትረፍ ስሙን የሚሸጥ ነጋዴ ሒሳብ አያውቅም ማለት ነው፤ በደረሰኙ ላይ እውነቱን የሚጽፍ ግን ዕቃውን አንድ ጊዜ ሸጦ ደንበኛውን ለዘወትር ያተርፋል።